ባለ አንድ ጆሮዋ አሻንጉሊት

በዚህ ዓለም ላይ መነሻ የሌለው ነገር የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባታምኑኝ አልቀየምም። ነገር ግን በከተማችን በባሕር ዳር ንባብ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም መጽሐፍም እንዲሁ ይላል። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ የደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር አብሮ ሄዷል። ስለዚህ የሁሉን ነገር መነሻ የሚናገር፣ የራሱ መነሻ ግን የማይታወቅ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎችም በሰፈራችን አሉ።

ያገኘሁት ፈልጌው አይደለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የጣና ዝናብ ደግሞ ከሐይቁ ተነሥቶ ሲመጣ እንደ ቤተ ዘመድ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ከገባም አይወጣም። ንባብ ቤቱ በር ላይ ተጠለልሁ። ዘበኛው "ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ፣ በሩን አትዝጊ" አሉኝ። ገባሁ። መጽሐፉን ገለጥሁ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን አላባራሁም።

ምን የሌለበት አለ! የሸሚዝ ቁልፍ መጀመሪያ ለጌጥ እንጂ ለመቆለፊያ አልነበረም። ክራባት የወታደሮች የአንገት ጨርቅ ነበር። አሻንጉሊት በጥንት ግብፆች መቃብር ውስጥ ተገኝታለች። ብርንም ውሰዱ። እኛ የወረቀቱን ገንዘብ ብር እንለዋለን፤ ወረቀቱ ግን ብር አይደለም፣ ወረቀት ነው። ስሙን የወረሰው ከማዕድኑ ነው። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር፣ ከኦስትሪያ የመጣው፣ የአንዲት ወፍራም ንግሥት መልክ የተቀረጸበት፣ እውነተኛ ብር ነበር። ከእርሱ ጎን ለጎን ደግሞ በአሞሌ ጨው ይገዛ ይሸጥ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቆ ዝም ማለት ራስ ወዳድነት ነው። ስለዚህ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ላገኘኋቸው ሁሉ አስረዳሁ። ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ እስክጨርስ ድረስ በጥሞና ሰሙኝ።

"እና ልጄ፣ ድሮ በጨው ዕቃ ይገዛ ነበር ነው የምትይኝ?"

"አዎ እማማ።"

"እኛ እኮ የተሰለፍነው ጨው ለመግዛት ነው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በትምህርት ቤት ግን ተከበርሁ። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር በእረፍት ሰዓት የድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። ዝግጅቴን "ነገርን ከሥሩ" አልሁት፤ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ከሚለው ተረት የወሰድሁት ነው። ማጉያው ኃይለኛ ስለሆነ ድምፄ ከግቢው አልፎ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሰማል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈለቀ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጓዲት፣ የትናንቱ የማንኪያ ታሪክ ንቃት ያለበት ነው" ይሉኝ ነበር። ማንኪያ ውስጥ ምን ንቃት እንዳለ አላውቅም፤ ግን ደስ አለኝ።

ቤት ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠራ፣ ለበዓል ብቻ ክራባት የሚያስር ሰው ነው። የክራባትን መነሻ ስነግረው መስተዋቱ ፊት ለአፍታ ቆም አለና "የወታደር ነው? እንግዲያስ ለዘመኑ ይስማማል" ብሎ ጠበቅ አደረገው። እናቴ ደግሞ ከአፌ "መነሻ" የሚል ቃል ሲወጣ ከሰማች ወዲያው የምላክበት ቦታ ትፈልግልኛለች።

አሁን ወደ እህቴ ወደ ስንዱ ልምጣ።

ስንዱ የቢሮ ታይፒስት ናት። መምህር አያሌው የሚባል፣ የሐሙሲት ተወላጅ፣ ረጅምና አንገተ ሰባራ አስተማሪ ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች፤ ይህን የማውቀው የሰው ደብዳቤ አንብቤ አይደለም፣ ስሙ ሲጠራ የጽሕፈት መኪና እንደምትመታ ሁሉ ጣቶቿ ስለሚንቀሳቀሱ ነው። ችግሩ፣ መምህር አያሌው በክረምቱ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ሊዛወር ነው። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ከምትሠራበት ከተማ አይነቀልም። ካላገባ ግን ይሄዳል፤ ከሄደም መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ላከ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ማለዳ መጡ። ከሐሙሲት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ነው የመጡት፤ ነጠላቸው ላይ የመንገዱ አቧራ ነበር። ዋነኛው ተናጋሪ አንድ መሪጌታ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የመምህር አያሌው አያት ወንድም አያ ተሰማ ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ። እንደ ወጉ ገብተው ቆሙ። አባቴ "ተቀመጡ እንጂ" አለ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አባቴም እንደማይቀመጡ ያውቃል፣ እነሱም እንደማይቀመጡ እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ግን ካልተባለ አይሆንም። በእኛ በኩል ለክብር የተጠሩት ጓድ ፈለቀ ብቻ ተቀምጠዋል።

እናቴ ከጓዳ ጠርታኝ "ዛሬ ውሃ ታቀርቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ምንም ነገር ከሥሩ እንዳታነሺ፣ ከጫፉም እንዳታነሺ" ብላኝ ነበር። እሺ አልሁ። ውሃ አቀረብሁ። ልወጣ ስል ጓድ ፈለቀ አዩኝ።

"ይህቺ የሚኒ ሚዲያዋ ጓዲት አይደለችም? እስቲ የዛሬውን ጉዳይ መነሻ ንገሪን፤ እነ አባም ይስሙ።"

የእናቴ ዐይን በመጋረጃው ቀዳዳ በኩል ዝም በይ አለኝ። የጓድ ፈለቀ አፍ ተናገሪ አለኝ። የእናት ዐይን የሚፈራ ነው፤ ነገር ግን የቀበሌ ሊቀመንበር የስኳር ካርድ ይፈርማል። ተናገርሁ።

"በጥንት ግሪክ አገር" አልሁ፣ በማጉያው ድምፄ፣ "አንዲት ልጃገረድ ልታገባ ስትል የልጅነት አሻንጉሊቷን ለአማልክት ቤት ታስረክብ ነበር። ልጅነቴ አበቃ ማለቷ ነው።"

"ለጣዖት?" አሉ መሪጌታው።

"እኛ አናስረክብም አባ። ለማሳየት ያህል ነው" አልሁና፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ሮጬ ከስንዱ ሣጥን ሥር አሻንጉሊቷን አወጣሁ። ስንዱ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ቀሚሴን ጨመደደች። አመለጥኋት።

አሻንጉሊቷን ላስተዋውቃችሁ። ክንድ የምታህል ናት። ሆዷ የታንኳ መሥሪያው ደንገል ነው፤ በአቡጀዲ ተጠቅልሏል። ጸጉሯ የጥቁር በግ ሱፍ ነው። ጆሮዋ ግን አንድ ብቻ ነው፣ በግራ በኩል። በዚያ ጆሮዋ ላይ ጫፉ ክብ፣ ውስጡ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ከባድ የብር ሎቲ ተንጠልጥሏል። ከክብደቱ የተነሣ ራሷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ የጎረቤት ወሬ የምታዳምጥ ትመስላለች። እናቴ ለስንዱ ሰጠቻት፤ ለእናቴ ደግሞ ያሳደጓት አክስቷ እማማ ትርንጎ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ያለው መነሻ አልተጠናም ነበር።

አሻንጉሊቷን ለሽማግሌዎቹ ከፍ አድርጌ ሳሳይ የአያ ተሰማ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ።

"ይህቺ ከየት መጣች?" አሉ። ከመጡ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

እናቴ ከመጋረጃው ወጥታ "ካሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ጌታዬ" አለች።

"አክስትሽ በሕይወት አለች?"

"እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር ናት፤ ደህና ናት።"

አያ ተሰማ ከዘራቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ፤ ቀና ለማለት ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። እንዲህ ለታሪክ የሚጨነቁ ሽማግሌ በማየቴ ልቤ ተነካ።

መሪጌታው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ቆይ፣ ቆይ። ይህችን አሻንጉሊት እኔም አውቃታለሁ። በእነ አያሌው ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ጠበል ልቀምስ ስገባ አይቻታለሁ። ባለ አንድ ጆሮ፤ ሎቲውም ይኸው። የአያሌው አያት ናት ያወረሰቻቸው። አይደለም ወይ ተሰማ? ያንተው እህት?"

አያ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። የነቀነቁት አዎ ለማለት ይሁን አይደለም ለማለት፣ እኔ አልለየሁም።

"እንግዲህ" አሉ መሪጌታው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ "አሻንጉሊት ከገበያ አይመጣም፤ እናት ለልጇ ትሰፋለች፣ ልጅ ለልጇ ታወርሳለች። ሁለቱ አሻንጉሊቶች የአንድ እጅ ሥራ ከሆኑ፣ ሁለቱ ቤቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ይህን ጋብቻ አልባርክም።"

ከመጋረጃው ኋላ የስንዱ ትንፋሽ ተሰማ። ጓድ ፈለቀ "ሰባት ቤት ኋላ ቀር ልማድ ነው" አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ሚስታቸውን ያገቡት አስቆጥረው ነው። ቀጠሮው ለሚቀጥለው እሁድ ሆነ። የእኛ ቤት ታላቅ እማማ ትርንጎ ተጠርተው ዘር እንዲቆጥሩ፣ እነሱም የበኩላቸውን ቆጥረው እንዲመጡ።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ እንደቆሙ ሄዱ።

ስንዱ ከመጋረጃው ወጣች። አላለቀሰችም። "ነገርን ከሥሩ አልሽ" አለችኝ፣ "እነሆ ከሥሩ ነቀልሽልኝ።" ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በእናቴ በኩል ሆነ። አጠገቤ ተቀምጣ "እማዬ፣ ጨውን አቀብይኝ በያት" ትላለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ አሞሌ አንድ ነገር እል ነበር።

ተግባሬ ግልጽ ነበር። የአሻንጉሊቷን መነሻ ያበላሸሁት እኔ ከሆንሁ የማገኘውም እኔ ነኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሹም አቦ ሄድሁ።

እማማ ትርንጎ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ ተድረው የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ከዶሮዎቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የተሳለ ባልቴት ናቸው። በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው።

"ሽማግሌዎቹ ከየት ነው የመጡት አልሽ?"

"ከሐሙሲት።"

"ማን ማን?"

"አንድ መሪጌታ፣ ደግሞ አያ ተሰማ የሚባሉ የልጁ አያት ወንድም።"

እማማ ትርንጎ መልቀማቸውን ቀጠሉ። ብቻ ከዚያ በኋላ ጠጠሩን ወደ ሰፌዱ፣ ምስሩን ወደ ውጭ ይለቅሙ ጀመር፤ ዶሮዎቹ ተሰበሰቡ። እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት።

"ይህ ተሰማ የሚሉት ሰው" አሉ ቆይተው፣ "ጥርስ አለው?"

"አላስተዋልሁም እማማ። ስለ አሻንጉሊቷ መነሻ ነው የመጣሁት።"

"መነሻዋ ምን ይደንቃል? አንድ የደልጊ ደጃዝማች ሚስት ናት ለቅድመ አያቴ የሸለመቻት።"

ደስታዬን አልቻልሁትም! ደጃዝማች! ሄጄ ለማዘር ነገርሁ፤ ማዘር የምላት ስፈራት ነው። እናቴ መስኮቱን ዘጋችና "ደጃዝማች አልሽ? ጎረቤታችን ጓድ ፈለቀ ሆነው? ከፊውዳል ዘር ነን ብለሽ በዚያ በጩኸትሽ ልትለፍፊው ነው? ከዘመድ ጋብቻ ወጥተን ወደ አድኃሪነት እንግባ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በማግሥቱ ተመልሼ እማማ ትርንጎን አጥብቄ ጠየቅሁ። በዚያን ቀን አሻንጉሊቷ ከጎንደር አንድ ጳጳስ የተገኘች ሆነች። በሦስተኛው ቀን ከራሱ ከሐይቁ ወጣች። አንዲት አሻንጉሊት ይህን ያህል መነሻ ካላት፣ አንደኛው ብቻ እውነት ነው፤ ወይም አንዱም አይደለም።

ወደ ቤት ተመልሼ አሻንጉሊቷን ፊቴ አስቀምጬ አፈጠጥሁባት። ሎቲውን በአመድ ፈተግሁት። ጥቁረቱ ሲለቅ መስመሮች ታዩ። የተጎነጎነ ጸጉር። ከጸጉሩ ላይ የተጣለ መሸፈኛ። ወፍራም ትከሻ። ይህችን ትከሻ አውቃታለሁ! የመጽሐፉ ሥዕል ላይ አይቻታለሁ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ናት፤ ግን ፊት የላትም። ሎቲው በልኩ ለሁለት የተቆረጠ ጠገራ ብር ነው፣ እጃችን ያለው የኋላዋ ግማሽ ነው።

ግማሽ ካለ ደግሞ ሌላ ግማሽ አለ።

መምህር አያሌው በትምህርት ቤታችን በር በኩል በአጋጣሚ የሚያልፍ መስሎ በየቀኑ ያልፋል፤ የስንዱን ወሬ ሊጠይቀኝ ነው። ጠራሁት።

"የእናንተዋ አሻንጉሊት ሎቲ ላይ ምን ሥዕል አለ?"

አንገቱን ሰብሮ አሰበ። "አንዲት ሴትዮ መሰለችኝ። አፍንጫና አገጭ። ልጅ ሆኜ እፈራት ነበር።"

"ጆሮዋስ በየት በኩል ነው?"

"በቀኝ።"

"እሁድ ይዘሃት ና።"

"ይዣት ከመጣሁ ዘመድነታችን አይረጋገጥም?"

"አንተ አስተማሪ አይደለህም? ማስረጃ ትፈራለህ?" አልሁት። ድፍረቴ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ቆሙ። መምህር አያሌው አሻንጉሊቷን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ በር ላይ ቆመ። ጓድ ፈለቀ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ተቀመጡ፤ ብዕር ሲያወጡ ደግ ነገር አይደለም። እማማ ትርንጎ ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጥበብ ለብሰዋል። ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ዐይናቸውን ኩል ተኩለዋል። ዐይናቸውን አሟቸው መሰለኝና አዘንሁ።

አያ ተሰማ ገብተው እሳቸውን ባዩ ጊዜ በቆሙበት ቀሩ። እማማ ትርንጎ ግድግዳውን አዩ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

"እንግዲህ እመቤቴ" አሉ መሪጌታው፣ "ዘርዎን ይቁጠሩልን፤ አሻንጉሊቷንም ከየት እንዳመጧት ይንገሩን።"

"አሻንጉሊቷማ" አሉ እማማ ትርንጎ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የደልጊው ደጃዝማች ሚስት..."

እናቴ ሳለች። አባቴም ሳለ። ጓድ ፈለቀ የብዕራቸውን ክዳን አወለቁና "የትኛው ደጃዝማች?" አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

ነገሩ ገባኝ። እማማ ትርንጎ በደጃዝማቹ ከጸኑ አባቴ ፋብሪካው ስብሰባ ላይ ስለ ዘሩ ይጠየቃል። ደጃዝማቹን ከካዱ ደግሞ መሪጌታው "እንግዲያስ እናታችሁ አንድ ናት" ይላሉ። ስንዱ ከመጋረጃው ኋላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። በዚህ ጊዜ እናቴ ዐይኗን አላነሣችብኝም፤ ቢያንስ እኔ አላየሁም፣ ምክንያቱም ወደዚያ አልዞርሁም።

ከመምህር አያሌው እጅ አሻንጉሊቷን ነጠቅሁ። የእኛን አመጣሁ። ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ ጆሮ ለጆሮ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ሎቲዎቹን ገጠምኋቸው። የእኛው ጸጉር ከእነሱ አፍንጫ ጋር ተገናኘ። አንዲት ሙሉ ወፍራም ንግሥት፣ ከነትከሻዋ፣ ሽማግሌዎቹን በቁጣ አየች።

"አባ" አልሁ መሪጌታውን፣ "እነዚህ አሻንጉሊቶች ከአንድ እናት አልተወለዱም። ከአንድ ጠገራ ብር ነው የተቆረጡት። አንድ ሰው ብሩን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ወደ ሐሙሲት፣ ግማሹን ወደ እኛ ቤት ልኳል። ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት።"

እማማ ትርንጎ ዐይናቸውን ከግድግዳው አነሡ።

"አንተ ተሰማ" አሉ። "እንደቆምህ ትቀራለህ?"

አንተ! የሐሙሲቱን የተከበሩ ሽማግሌ፣ በሰው ፊት፣ አንተ! መሪጌታው አማተቡ።

አያ ተሰማ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ የቆረጥሁት" አሉ። "ጎረምሳ ሆኜ ለንግድ ደልጊ እመላለስ ነበር። ለ... ለአንዲት ኮረዳ ጥንድ ሎቲ አሠራሁ። ታዲያ ሎቲ ሰጠ ቢባል ስሟ ይጠፋል። አሻንጉሊት ግን ለልጅ ነው፤ ማንም ነገር አይለውም። ከገበያ አሻንጉሊት ገዝቼ ሎቲዎቹን ላንጠለጥል ስል እህቴ ደረሰችብኝ። 'ለእኔም ካልሰጠኸኝ ለአባባ እነግራለሁ' አለች። ያለኝ ብር አንድ፣ ሎቲውም ያው ጥንድ ነው። ሌላ አሻንጉሊት ጨመርሁና አንድ አንድ ጆሮ አስፍቼ አካፈልኋቸው።"

ይኸው ነው! የአንድ ጆሮዋ መነሻ! ደጃዝማችም፣ ጳጳስም፣ ሰባት ቤትም የለበትም፤ አንዲት አፏ የማይዘጋ እህት ናት። እህትነት ከጥንትም እንዲህ መሆኑን ስሰማ ለስንዱ ማዘን ጀመርሁ።

"ይህንን ባለፈው እሁድ ለምን አልተናገርህም?" አሉ መሪጌታው።

"ሽማግሌ ሆኜ ለልጅ ጋብቻ መጥቼ፣ የራሴን ልናገር?"

እማማ ትርንጎ ግን ገና አልጨረሱም። "ሎቲውስ ደረሰ። ሽማግሌ እልካለሁ ያልኸውስ? አባቴ ሙክት አሳርዶ፣ ዘመድ ጠርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ሐይቁ ሲያይ ዋለ። ንቀውናል አለ። በሳምንቱ ለባሕር ዳሩ ሰውዬ ሰጠኝ። የት ቀሩ ሽማግሌዎችህ?"

"ልኬ ነበር፤ በእግዜር እልሻለሁ!" አሉ አያ ተሰማ። "በታንኳ ነው የተነሡት። ታንኳዋ በዋዜማው ዓሣ ስታመላልስ ውላ አልደረቀችም ነበር። ደንገል ካልደረቀ ውሃ እንደጠጣ ነው፤ መሐል ላይ ስትደርስ ትሰጥም ጀመር። ነፍሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ታንኳዋ እስክትደርቅ ብለን..."

እማማ ትርንጎ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። ነጭ ጸጉራቸውን፣ ከዘራቸውን፣ ጥርሳቸውን ጭምር።

"እና ታንኳዋ" አሉ፣ "እስካሁን አልደረቀችም?"

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ቀጥሎ ጓድ ፈለቀ ሳቁ፤ ብዕራቸውን ክዳኑን ገጥመው ኪሳቸው ከተቱት፤ ደጃዝማቹም በዚያው ተከተቱ። መሪጌታው እስከ መጨረሻው አልሳቁም፤ ይልቅ ለወጉ ያህል ዘር ይቆጠር አሉና ተቆጠረ። የሐሙሲቱ ዘርና የደልጊው ዘር የትም አልተገናኙም። "ይህ ሁሉ ዘመን ሞክረውም አልተገናኙም" አሉ እማማ ትርንጎ፣ ለማንም ሳይሆን።

አባቴ "ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ። አያ ተሰማ ብቻ ቆመው ነበር፤ ባዶ የነበረው ቦታ የእማማ ትርንጎ ጎን ብቻ ነውና። እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላቸው።

ስንዱ ወጥታ አቀፈችኝ። ቀጥታ ነው ያነጋገረችኝ፣ በእናቴ በኩል አይደለም። ከዚያም ልቧ ሞላና ሎቲዎቹን አይታ "ለሠርጌ ባደርጋቸውስ፣ እማማ?" አለች።

እማማ ትርንጎ ሁለቱንም ከአሻንጉሊቶቹ ጆሮ ፈትተው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯቸው። "ያንቺ ሙሽራ በቀጠሮው መጥቶልሻል" አሉ። "ጌጥ ምን ያደርግልሻል?"

ሠርጉ ክረምት ሳይገባ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። መምህር አያሌው አልተዛወረም። አሻንጉሊቶቹ አሁን የእኔ ናቸው፤ መስኮቴ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ክብደቱ ሲወርድላቸው ራሳቸው ቀጥ አለ፤ ወሬ ማዳመጥ ትተዋል።

እማማ ትርንጎ በሠርጉ ዕለት ሁለቱንም የንግሥቲቱን ግማሾች አድርገው መጡ። በአንዱ ጆሮአቸው ትከሻዋ፣ በሌላው ፊቷ። አያ ተሰማ ፊቷ ባለበት በኩል ተቀምጠው ዋሉ። ስለ ሙሽሮቹ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ወደ ማታ ስንለያይ እማማ ክንዴን ያዙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን በዚያ በምትጮኺበት ነገር እንዳትናገሪው።"

"አልናገርም እማማ።"

"ማይልኝ።"

"መድኃኔ ዓለምን!" አልሁ።

መሐላዬን ጠብቄአለሁ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ስለ መጻፍ ግን እማማ ያነሡት ነገር የለም።